የድሮ ጌም ከየት ይገዛ? መጀመሪያ የናፈቃችሁ ምኑ እንደሆነ ለዩ

ባለፈው ሰሞን አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ደወለልኝ። የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን፣ ያንን ግራጫውን፣ ከነጌሞቹ ሊገዛ ፈልጓል። «ለልጄ ነው» አለኝ። «ከየት ብገዛ ይሻላል?» ልጁ ገና 6 ዓመቱ ነው። አይፓድ አለው። «እውነቱን ንገረኝ፣ ለልጅህ ነው ለራስህ?» ስለው ሳቀ።

ሁለታችንም ያደግነው ሰሜን ለንደን ነው። ጌም የለመድነውም እዚያ፣ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። በስልክ ከነገርኩት ይልቅ ያልነገርኩት ስለበዛ ልጻፈው አልኩ። እንግሊዝ ላላችሁ በቀጥታ ይጠቅማል። አገር ቤት ዕቃ ለምትልኩም መጨረሻው ላይ የምለው አለኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከዋጋ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። የናፈቃችሁ ጌሙ ነው ወይስ ሱቁ? ጌሙ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሶፋችሁ ሳትነሱ ያልቃል። ሱቁ ከሆነ ግን «የትኛው ሱቅ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ያኔ ጌም የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ የየራሱ ጠባይ ነበረው። አብዛኞቹ ሱቆች ዛሬ የሉም። ጠባያቸው ግን ወራሽ አግኝቷል።

ያኔ የት ነበር የምንገዛው

እንግሊዞች ሃይ ስትሪት የሚሉት የየሰፈሩን ዋና የገበያ መንገድ ነው። ባንኩ፣ ጫማ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ በአንድ መስመር ተደርድረው ታገኛላችሁ። ጌምም እዚያው መሐል ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆችማ የሚያወሩት ሌላ ነው። በ1980ዎቹ መጽሔትና እስክሪብቶ የሚሸጠው ደብልዩ ኤች ስሚዝ ኮምፒውተር ይሸጥ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ቡትስ ሳይቀር የጌም መደርደሪያ ነበረው። ጌሙ የሚመጣው እንደ ጥላሁን ገሠሠ ዘፈን በቴፕ ካሴት ነበር። ቴፑን ከፍታችሁ ጌሙ እስኪነሳ ቡና ሊፈላ ይደርሳል። ማስተርትሮኒክ የተባለ ድርጅት ደግሞ በ1 ፓውንድ ከ99 ፔንስ የሚሸጡ ጌሞች አውጥቶ ነዳጅ ማደያ ድረስ አስገብቷቸው ነበር።

እኛ የደረስነው ለሲዲው ዘመን ነው። ፕሌይስቴሽን አውሮፓ የገባው በሴፕቴምበር 1995 ሲሆን እንግሊዝ ውስጥ ዋጋው 299 ፓውንድ ነበር። እኛ ቤት የገባው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ያገለገለ ሆኖ ነው። አዲስ የወጣ ጌም 40 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ የሚታይ እንጂ የሚነካ አልነበረም። የእኛ ዕጣ ፕላቲነም ነበር። ብዙ የተሸጡ ጌሞች በብርማ ሽፋን እንደገና ሲወጡ 20 ፓውንድ አካባቢ ይሸጡ ነበር።

ቅዳሜ ከዉድ ግሪን የገበያ አዳራሽ በር እንጀምር። ኪሴ ውስጥ 20 ፓውንድ አለች። ከገና እስከ ፋሲካ ሌላ የለም። ስለዚህ ምርጫው እንደ ትዳር ነው። ሳጥኑን ታነሳላችሁ። ጀርባውን ትገለብጣላችሁ። ሁለት ሦስት የጥፍር ስፋት ያላቸው ሥዕሎች አሉ። ጌሙን የምታውቁት በእነሱና በጓደኛ ወሬ ብቻ ነው። መልሳችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ሌላ ታነሳላችሁ። አንዳንዴ ሁለቱን ይዤ አንድ ሰዓት እቆም ነበር። ከዚያ 29 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ፎቅ ወጥቼ ፕላስቲኩን በጥርሴ እቀደዋለሁ። ማኑዋሉን እያነበብኩ ፊንስበሪ ፓርክ እደርሳለሁ። ትኩስ ቀለም ይሸታል። ቤት ስደርስ የአዝራሮቹን ሥራ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ዉልዎርዝስ የተለየ ነበር። በአንድ በኩል ከረሜላ ራሳችሁ እየዛቃችሁ በሚዛን፣ በሌላው በኩል ድስትና አምፖል፣ መሐል ላይ ጌም። እናቶች ስለሚወዱት ለእኛ ይመቸን ነበር፤ እሷ መጋረጃ ስታይ እኛ ጌም እናያለን። የመጀመሪያ ሱቁን ሊቨርፑል ላይ የከፈተው በ1909 ነው። የመጨረሻዎቹ በሮቹ የተዘጉት ጃንዋሪ 6 ቀን 2009 ነው። ከ800 በላይ ሱቅ ተዘጋ፤ 27 ሺህ ገደማ ሰው ከሥራ ወጣ። በመጨረሻዎቹ ቀናት መደርደሪያዎቹ ራሳቸው ዋጋ ተለጥፎባቸው ይሸጡ ነበር። ቨርጂን ሜጋስቶር የነበረውና ስሙን ቀይሮ ዛቪ የተባለው ሱቅም አብሮ ወደቀ። ሸቀጥ የሚያቀርብለት ድርጅት የዉልዎርዝስ ነበራ።

ጌም ብቻ ከሚሸጡት ትልቁ «ጌም» ይባል ነበር፤ ስሙም ሥራውም አንድ። ጌምስቴሽን ደግሞ ጥቁር ቲሸርት የለበሱ፣ ፀጉራቸውን ያሳደጉ ልጆች የሚሠሩበት፣ የድሮ ጌም ጥግ ያለው ሱቅ ነበር። በ2007 «ጌም» ጌምስቴሽንን በ74 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። አንዳንድ መንገድ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን እንደቆሙ ቀሩ። በማርች 2012 «ጌም» ራሱ ከሰረ። ከዚያ በፊት አቅራቢዎቹ ዱቤ ስለከለከሉት በሰሞኑ ሁሉም የሚያወራለት ማስ ኢፌክት 3 መደርደሪያው ላይ አልነበረም። በአንድ ጊዜ 277 ሱቅ ዘጋ።

ምን ገደላቸው? አንዱ ሱፐርማርኬት ነው። ዳቦ ልትገዛ የገባች እናት በርካሽ አዲሱን ፊፋ ይዛ ትወጣለች። ሌላው በፖስታ የሚመጣው ነው። ከጀርሲና ከገርንዚ ደሴቶች የሚላክ፣ ዋጋው ከ18 ፓውንድ ያልበለጠ ዕቃ ለዓመታት ተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፈልበትም ነበር። ሲዲና ጌም የሚሸጡት ድረ ገጾች በዚያ ቀዳዳ ሾለኩ። ቀዳዳው የተደፈነው በኤፕሪል 2012 ነው፤ «ጌም» በወደቀ በሳምንቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው።

ልዋጩ ለናፈቃችሁ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ልዋጭ!» የሚለውን ጩኸት ያውቀዋል። አሮጌ ሱሪ ሰጥታችሁ ባልዲ ትወስዳላችሁ። የጌም ቤቱ ባንኮኒም እንደዚያው ነበር። የጨረሳችሁትን ትሰጣላችሁ፣ ትንሽ ጣል ታደርጋላችሁ፣ ያልተጫወታችሁትን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

አንድ ጊዜ 11 ጌም በፌስታል ይዤ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያዞረ አያቸው። «ጭረት። ጭረት። ይሄ ማኑዋል የለውም።» ሁለቱን መልሶ ገፋልኝ። ለዘጠኙ 9 ፓውንድ አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ጆሮዬ ጋለ። እሺ አልኩ። ከሳምንት በኋላ አንዱን የእኔን ጌም፣ ጥግ ላይ ያለችውን ስንጥቅ አይቼ አወቅሁት፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ በ15 ፓውንድ አገኘሁት። ቂሜ እስካሁን አልለቀቀኝም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴንም አልተውኩም።

«ጌም» ያገለገለ መቀበል ያቆመው በ2024 መጀመሪያ ላይ ነው። ልዋጩን የወረሰው በ1992 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው፣ ቀይ ሰሌዳ ያለው ሱቅ ነው። እንግሊዞች ስሙን እንደሚያነቡት አድርጌ በአማርኛ ብጽፈው እናቴ ታየዋለችና ፊደሎቹን ለየብቻ ልጥራቸው፤ ሲ፣ ኢ፣ ኤክስ።

የዚህ ሱቅ ጥሩ ነገር ድብቅ የለውም። ድረ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ጌም ሦስት ዋጋ ታያላችሁ። አንደኛው የሚሸጥበት፣ ሁለተኛው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛበት፣ ሦስተኛው በኩፖን የሚገዛበት ነው። ኩፖኑ ሁልጊዜ ከጥሬው ይሻላል። የትኛው ቅርንጫፍ ዕቃው እንዳለውም ያሳያችኋል። ሄዳችሁ ከማፈር ትድናላችሁ። ያገለገለ ዕቃ ሆኖ ረዘም ያለ ዋስትና ይሰጣል። ኮንሶል፣ ማለትም የጌም ማሽኑን፣ የምትገዙ ከሆነ ይሄ ብቻውን ይበቃል። የድሮ ፕሌይስቴሽን ዲስክ የምታነበው በትንሽ መነጽር ነው፤ ያ መነጽር ሲደክም ጌሙ ይቆራረጣል። እኛ ማሽኑን ገልብጠን እናጫውት ነበር፤ ይሠራልም ነበር። አሁን ግን ገልብጦ የሚሠራ ማሽን ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል።

ጉድለቱስ? ዋጋ አይከራከሩም። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ተለጣፊ ሲላጥ ሽፋኑን ይዞ ይመጣል። ዲስኩ ከባንኮኒው ጀርባ ስለሚቀመጥ መደርደሪያው ላይ የምታነሱት ባዶ ሳጥን ነው። የእኔ ዓይነቱን፣ ሳጥን እያገላበጠ አንድ ሰዓት የሚቆመውን፣ ብዙ አያረካም። ለመጫወት ለሚገዛ ግን እኔ የማውቀው ከዚህ የሚሻል የለም።

የጉሊቱን ዕድል ለሚወድ

ካር ቡት ሴል የሚባለው የእሑድ ጠዋት ገበያ ነው። ሰዉ መኪናውን ሜዳ ላይ ያቆማል። የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ከቤቱ የተረፈውን ይዘረጋል። ጉሊት ነው፤ ልዩነቱ ሽንኩርት የለም። በ7 ሰዓት ማለትም በእኛ በ1 ሰዓት ጠዋት ካልደረሳችሁ ጥሩ ጥሩው ሄዷል። ዝርዝር ሳንቲም ያዙ። በአምስት ፓውንድ የተጠራ ዕቃ ሦስት ፓውንድ እጃችሁ ላይ ሲያዩ ይወርዳል።

ደስታው ያልጠበቁትን ማግኘት ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት አባት ሙሉ ሳጥን ይዞ ይመጣል። ሕመሙ ደግሞ ምንም መሞከሪያ አለመኖሩ ነው። ዛሬ ዛሬ ሻጩም ነቅቷል። ጌሙን ስታነሱ ስልኩን አውጥቶ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ስንት እንደሚሸጥ ያያል። እናንተም አውጥታችሁ ታያላችሁ። ሁለት ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲያይ ያለውን ሙድ አስቡት።

ቻሪቲ ሾፕ፣ ማለትም ሰው በስጦታ የሰጠውን ዕቃ ለበጎ አድራጎት የሚሸጡት እንደ ኦክስፋም ያሉ ሱቆች፣ የጉሊቱ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዋጋ ያላቸውን ጌሞች እየለዩ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ ስለበዙ መደርደሪያው ላይ የሚተርፈው የድሮ ፊፋ ነው። ፊፋ 08፣ ፊፋ 09፣ ፊፋ 10። ከአንድ ማኪያቶ በታች። ለፊፋ ፍቅር ላለው ሰው ግን ገነት ነው።

ሁልጊዜ ሳጥኑን እዚያው ክፈቱት። እኔ አንድ ቀን የመኪና ውድድር ጌም በ2 ፓውንድ ገዝቼ ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ከፈትኩት። ውስጡ የሰው ሠርግ ዲቪዲ ነው። ኬኩ ሦስት ፎቅ ነበር። በማግስቱ ይዤ ሄጄ መለስኩት። ሠርግ ጠፍቶባቸው የሚፈልጉ ሰዎች ይኖራሉ ብዬ።

ዲስክ ስታዩ ደግሞ ከታች ያለውን ጭረት ብቻ አትፍሩ። ቀላል ጭረት በማሽን ይታሻል። ዲስኩን ወደ ብርሃን አንሱትና ሥዕል ባለበት ፊቱ በኩል እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሾልክ ነገር ካለ ተዉት። መረጃው ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ የተላጠው አይመለስም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ኦርጅናል ዲስክ ሆዱ ጥቁር ነው። ብርማ ሆኖ ካገኛችሁት በሰው ቤት የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉንም ለሚፈልግ፦ ኢንተርኔት

ኢቤይ ላይ የሌለ ጌም የለም። ችግሩም ይሄው ነው። አይን አዋጅ ይሆንባችኋል። ድሮ ሁለት ሳጥን ይዤ አንድ ሰዓት የቆምኩት ልጅ አሁን 300 ውጤት ፊት ተቀምጬ ሳልገዛ እተኛለሁ።

ስትገዙ ሻጩ የጻፈውን ሳይሆን የሸሸገውን አንብቡ። «አልተሞከረም» ካለ ተሞክሮ እንቢ ብሏል ማለት ነው። «ዲስክ ብቻ» ካለ ሳጥን የለውም። የዲስኩን ሆድ ፎቶ ጠይቁ፤ የማይልክ ሻጭ ይለፋችሁ። ጌሙ የየት አገር እንደሆነም እዩ። የድሮ ኮንሶሎች አገር ይመርጣሉ። ለአውሮፓ የተሠራ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን የአሜሪካን ዲስክ እንዲሁ አይቀበልም።

እዚህ ላይ የግል ወገንተኝነቴን ልናገር። ሴጋ ሜጋ ድራይቭና ሱፐር ኒንቴንዶ በሚባሉት ኮንሶሎች ዘመን የአውሮፓ ቴሌቪዥን በሰከንድ 50 ጊዜ ሥዕል ሲቀይር የአሜሪካና የጃፓን 60 ጊዜ ይቀይር ነበር። ብዙ ጌሞች ለአውሮፓ ሲመጡ ስላልተስተካከሉ 17 በመቶ ገደማ ዘገሙ። በፍጥነቱ የታወቀው ሶኒክ ራሱ እንግሊዝ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሮጠው። አዋቂዎች ነን የሚሉ «የአሜሪካውን ግዙ፣ ትክክለኛው እሱ ነው» ይሏችኋል። ለመጫወት እውነት ነው። ለናፍቆት ግን አይሠራም። እንግሊዝ ያደገ ሰው የሚያስታውሰው የዘገመውን ሙዚቃ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ከሁሉ የባሰው ፎርጅድ ነው፤ በተለይ ጌም ቦይ የሚባለው በእጅ የሚያዝ ማሽን ካሴት። ፖክሞን የሚባለው ጌም በጣም ውድ ስለሆነ አስመስለው ይሠሩታል። የኦርጅናሉ ወረቀት ላይ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ ተጫን ተደርጎ የታተመ ቁጥር አለ። ብሎኑም በተራ ካቻቪቴ አይፈታም። ተራ የመስቀል ብሎን ካያችሁ ጠርጥሩ። ኦርጅናል ሆኖም ሌላ ጣጣ አለ። የተጫወታችሁትን የሚያስታውሰው ውስጡ ያለ ክብ የሰዓት ባትሪ የሚመስል ነገር ነው። ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ባትሪ ሞቷል ወይም እያጣጣረ ነው። ፖክሞናችሁን በእግር በፈረስ ሰብስባችሁ ስታጠፉት ሁሉም ይጠፋል። ባትሪው በብየዳ ይቀየራል። ሻጩ ቀይሬዋለሁ ካለ ትንሽ ጨምራችሁ ግዙ።

ዋጋውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በየቪዲዮው «ይሄ ጌም ወርቅ ሆኗል» ሲባል ሰምቶ የሚሮጥ አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ልጅ ሆናችሁ ያልተጫወታችሁትን ጌም አሁን ስለተወደደ አትግዙ።

ሻጩን ለናፈቃችሁ

ይሄን ክፍል ማሳጠር አልቻልኩም።

2004 ነው። 13 ዓመቴ ነው። ግራንድ ቴፍት ኦቶ ሳን አንድሪያስ በኦክቶበር መጨረሻ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ቀይ 18 አለ። እንግሊዝ ውስጥ ለልጅ መሸጥ ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ነጠላዋን በኮት ላይ ጣል አድርጋ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ጌሙን አየ፣ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ይነግራት ጀመር፤ ጌሙ ውስጥ ግድያ አለ፣ ስድብ አለ፣ ለልጅ አይሆንም። ያኔ የእማዬ እንግሊዝኛ ገና ነበር። «ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ። «መኪና መንዳት ያስተምራል ይላል» አልኳት። ልጁን ዞር ብላ አየችው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ» አለችው በአማርኛ፣ ከፈለች። እሱም ምን እንዳለችው ሳይገባው አንገቱን ነቀነቀ። ኃላፊነቱን ተወጥቷል።

እንዲህ ያለ ሻጭ ዛሬ የምታገኙት የድሮ ጌም ብቻ በሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ነው። ባለቤቱ ራሱ ከባንኮኒው ጀርባ ይቀመጣል። ከጎኑ ወፍራም የድሮ ቴሌቪዥን አለ። «ልሞክረው?» ስትሉት ደስ ይለዋል። ይጠግናል፤ ባትሪ ይቀይራል፤ ገመድ ያውቃል። ዋጋው ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል፣ ግን ተሞክሮ ነው የሚሰጣችሁ። ካላስቸኮላችሁት ደግሞ «ይሄን ከወደድክ ያንን እየው» ይላል።

ገመድን ካነሳሁ አይቀር፦ የድሮ ኮንሶል ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ እንዲሁ አይሰካም። ብዙ አዲስ ቴሌቪዥኖች ስካርት የሚባለውን ሰፊ ሶኬት ትተውታል። መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። ሽጉጥ ይዘው ስክሪን ላይ የሚተኩሱበት እንደ ታይም ክራይሲስ ያለ ጌም ደግሞ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ጭራሽ አይሠራም። ሽጉጡ የሚያነበው የድሮውን ወፍራም ቴሌቪዥን ብርሃን ነው። ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ በጣም አዘነ። የሱ ጌም እሱ ነበር።

ጌሙ ብቻ ከናፈቃችሁ

ዳውንሎድ አድርጉ። የፕሌይስቴሽንም የኒንቴንዶም ወርኃዊ ክፍያዎች ውስጥ የድሮ ጌሞች አሉ። ርካሽ ነው፤ አይቧጨርም፤ ሠርግ አይወጣበትም።

ግን የእናንተ አይደለም። የሱቁ በር ከተዘጋ አለቀ። ኒንቴንዶ የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ ማሽኖቹን የዳውንሎድ ሱቅ በማርች 2023 ዘጋ። ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን በጁላይ 2024 ዘጋ። አሁን የሚሸጡትን ማሽኖችም እዩ። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ከነዲስክ ማጫወቻው አይመጣም፤ ለብቻ ትገዛላችሁ። ለኒንቴንዶ ስዊች 2 የሚሸጡ አንዳንድ ካሴቶች ውስጣቸው ጌሙ የለም። ካሴቱ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጌሙን ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ። ሳጥን ገዝቶ ባዶ ማግኘት ድሮ ሌብነት ነበር የሚባለው።

ሚኒ የሚባሉት ትንንሽ ኮንሶሎችም አሉ። የሱፐር ኒንቴንዶው በ2017፣ የሜጋ ድራይቩ በ2019 ወጡ፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የፕሌይስቴሽኑ በ2018 በ89.99 ፓውንድ ወጥቶ ብዙ ተተቸ፤ ከ20ዎቹ ጌሞች 9ኙ የዘገመው የአውሮፓ ዓይነት ስለሆኑ ነው። ከላይ ካልኩት በኋላ እኔ ልከላከለው ይገባ ነበር። ግን የጌም ምርጫውም ደካማ ነው።

ለጓደኛዬ ያልኩት ይሄ ነው። ማሽኑን ዋስትና ካለበት ወይም ከሚሞክርልህ ትንሽ ሱቅ ግዛ። ጌሞቹን ከጉሊቱ ልቀም፣ ልጁንም ይዘኸው ሂድ፤ ለአንድ ቀን አንድ ጌም ብቻ። ኢቤይን ለአንድ ለማይገኝ ነገር አስቀምጠው። ባለፈው እሑድ ፎቶ ላከልኝ። ልጁ ሜዳ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ሁለት ሳጥን ይዟል። ፊቱ ላይ ጭንቅ አለ።

አገር ቤት ለምትልኩ

ይሄን የምጽፈው ከስህተት ተምሬ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ አጎታችን ከዋሽንግተን ያመጣለት ፕሌይስቴሽን 2 ነበረው። እኔ ከለንደን ስድስት ጌም ገዝቼ በሚሄድ ሰው ላክሁለት። አንዱም አልሠራም። የአሜሪካ ማሽን፣ የአውሮፓ ዲስክ። ማሽኑም ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በ220 ላይ በትራንስፎርመር ነበር የሚኖረው። በመጨረሻ ሰፈር ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ወስዶ አስከፈተውና የተቀዳ ዲስክ ሲጫወትበት ኖረ። የእኔ ስድስት ኦርጅናሎች ለዓመታት የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ጌጥ ሆኑ።

ለፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ይሄ ጣጣ የለም፤ ዲስኩ አገር አይመርጥም። ከእንግሊዝ የገዛችሁት አዲስ አበባ ይሠራል። የቮልቱም ነገር ከእንግሊዝ ከሆነ አያሳስብም፣ የሶኬቱን ጫፍ ብቻ ታስተካክላላችሁ። ከዳውንሎድ ኮድ ይልቅ ዲስክ ላኩ። ትልልቅ ጌሞች ብዙ አሥር ጊጋባይት ይበላሉ፤ ለሞባይል ዳታ የሚቀመስ አይደለም። ዲስክ ከሆነ አብዛኛው እዚያው ላይ አለ።

ባለፈው ወር አዲሱን ፊፋ፣ ስሙ ቢቀየርም እኛ ፊፋ ነው የምንለውን፣ ለአክስቴ ልጅ ልግዛለት ብዬ ደወልኩለት። በኮድ ብልክልህስ፣ ቶሎ ይደርስሃል አልኩት።

«ተው ባክህ» አለኝ። «ዲስኩን ላክልኝ። ስጨርሰው ለማን ልሸጠው ነው ኮድ?»